ከቴኒስ ተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት፦ ዳረን ኬሂል በሄደበት መንገድ

ጉልበትህ እምቢ ሲልህ፣ ወይም ደረጃህ ወርዶ አልነሳ ሲልህ፣ መጀመሪያ አፍህ ላይ የሚመጣው «አሠልጣኝ እሆናለሁ» የሚለው ነው። ሜዳ ቴኒስ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ይለዋል። ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለማ! ግን መጫወትና ማሠልጠን ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። አንዱን 20 ዓመት ስለሠራህ ሌላውን አብረህ ተማርክ ማለት አይደለም። እኔ ይሄ የገባኝ ልጆችን ማሠልጠን ከጀመርኩ በኋላ ነው። እዚህ የምጽፈውም ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ የምለውን ነው። (አንተ እያልኩ የምጽፈው እንዲቀለኝ ነው፤ አንቺም ያው ነው። ዓመቶቹ ደግሞ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደ ምሳሌ የምይዘው አውስትራሊያዊውን ዳረን ኬሂልን ነው። በ1965 አደላይድ ተወለደ። አባቱ ጆን ኬሂል በአውስትራሊያ ፉትቦል (እግር ኳስ ያልሆነ፣ የአገሩ የራሱ ጨዋታ) ስመ ጥር አሠልጣኝ ናቸው፣ ስለዚህ የአሠልጣኝ ቤት ምን እንደሚመስል ከልጅነቱ አይቷል። በተጫዋችነቱ ጥሩ ነበር፤ ከታላላቆቹ የሚቆጠር ግን አልነበረም። በነጠላ የደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ 22ኛ ነው። በ1988 ከአራቱ ትልልቅ (ግራንድ ስላም) ውድድሮች አንዱ በሆነው ዩኤስ ኦፕን ኮከቡን ቦሪስ ቤከርን አሸንፎ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ሄደ፤ እዚያ በኋላ ዋንጫውን የወሰደው ማትስ ቪላንደር አስቆመው። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። ቀዶ ጥገና፣ እረፍት፣ መመለስ፣ እንደገና ሕመም። 30 ዓመት ሲጠጋው የተጫዋችነት ዘመኑ አለቀ።

ከዚያ የሆነውን ተመልከት። የአገሩን ልጅ፣ የአደላይዱን ሌይተን ሂዊትን ያዘ፤ ሂዊት በ2001 ዩኤስ ኦፕንን በልቶ ዓመቱን የዓለም አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ገና በ20 ዓመቱ። ቀጥሎ አንድሬ አጋሲ፤ በ2003 አውስትራሊያ ኦፕንን አሸንፎ በ33 ዓመቱ እንደገና አንደኛ ሆነ። ቀጥሎ ሲሞና ሃሌፕ፤ በ2017 አንደኛ፣ በ2018 የፍሬንች ኦፕን ሻምፒዮን። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ከሌላ አሠልጣኝ፣ ከሲሞኔ ቫኞዚ ጋር ሆኖ ያኒክ ሲነርን፤ እሱም በ2024 አንደኛ ሆነ።

እኔን የሚገርመኝ የዋንጫው ብዛት አይደለም። አራቱ ሰዎች በጨዋታ አይገናኙም። ሂዊት ሮጦ የማይደክም፣ የመጣለትን ሁሉ የሚመልስ ነበር። አጋሲ የኋላ መስመሩን ሳይለቅ ኳሷን ገና ከመሬት ስትነሳ ይቀጥፋታል። ሃሌፕ አጭር ናት፣ በእግሯ ፍጥነት የምትኖር። ሲነር ረጅምና ቀጭን፣ ከሁለቱም ጎን የሚያፈነዳ። ኬሂል ራሱ ደግሞ ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት) መትቶ ወደ መረብ የሚሮጥ ዓይነት ተጫዋች ነበር። አንዳቸውም እንደሱ አይጫወቱም! ይሄ ሰውዬ የራሱን ጨዋታ ለማንም አላወረሰም።

የራስህን ጨዋታ ሻንጣ ውስጥ ክተተው

ከመጀመሪያ ተማሪዎቼ አንዷ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ባክሃንዷን (ራኬት ከያዘው እጅ በተቃራኒ ጎን የሚመታውን) በሁለት እጅ ነበር የምትመታው። እኔ በአንድ እጅ ነው የምመታው፣ ስለዚህ በአንድ እጅ አስጀመርኳት። ማንም አልጠየቀኝም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሁለት ወር ሙሉ ኳሷ አንዴ አጥር ላይ አንዴ መረብ ውስጥ ስትሄድ፣ ልጅቷ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ዝም እያለች ስትመጣ፣ እኔ «ትለምጂዋለሽ» እላታለሁ። አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ አሠልጣኝ፣ ከኔ መወለድ በፊት እዚያ ሜዳ ላይ የነበሩ፣ ልምምዱ ሲያልቅ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ይሄ ባክሃንድ የማን ነው? የሷ ነው ያንተ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄ ሁለት እጇን መለስኩላት።

ስለዚህ መጀመሪያ ይሄን አድርግ። አንድ ወረቀት አውጣና አንተ ስትጫወት በልማድ የምታደርገውን ሁሉ ጻፍ። ራኬት አያያዝህን፣ የት ቆመህ ሰርቭ እንደምትቀበል፣ ስትጨነቅ ወዴት እንደምትመታ፣ ሁሉንም። ያ ወረቀት የማስተማሪያ ዝርዝር አይደለም። ማስጠንቀቂያህ ነው። ተማሪህ ላይ አንድ ነገር ልትለውጥ ስትል ወረቀቱን እየው፤ ልትሰጠው ያሰብከው ነገር እዚያ ላይ ካለ ቆም በል። ለሱ ሰውነት ይስማማል? ለጠባዩስ? ወይስ አንተ የምታውቀው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው?

ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የነበሩ ተጫዋቾች እዚህ ጋ ይበልጥ ይቸገራሉ ብዬ አምናለሁ። ሳያስቡ የሚያደርጉት ነገር ብዙ ነው፣ ሳያስቡ የሚያደርጉትን ደግሞ ማስረዳት ይከብዳል። ከኬሂል ጋር ሲነርን የሚያሠለጥነው ቫኞዚ በነጠላ ከ161ኛ በላይ አልወጣም። ይሄ ጉድለት አይደለም። እያንዳንዷን ነጥብ አስቦና ለፍቶ ያገኘ ሰው እንዴት እንዳገኛት መናገር ይችላል።

ዓይንህን አሠልጥን

ስትጫወት የምታየው ኳሷን ነው። አሠልጣኝ ግን ኳሷን ካየ አለቀለት። ኳሷ የምትነግርህ ያለቀ ነገር ነው፤ ምክንያቱ ከሷ በፊት አልፏል።

እንዲህ ተለማመድ። የማታሠለጥነው ሰው ሲጫወት ከአጥሩ ጀርባ ለአንድ ሰዓት ቁም። የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች እግሩን ብቻ እይ። ተጋጣሚው ሊመታ ሲል ትንሽ ነጠር ብሎ በሁለት እግሩ ያርፋል? ወይስ ተክሎ ቆሞ ኳሷ ከመጣች በኋላ ነው የሚነሳው? «ፎርሃንዴ (ራኬት በያዘው እጅ በኩል የሚመታው) ተበላሸ» ብሎ ከሚመጣ ሰው ብዙዎቹ ጋ ያየሁት ችግር እጅ ላይ አይደለም፣ የዘገየ እግር ነው። ቀጥሎ ኳሷን የሚያገኛት ከፊቱ ነው ከጎኑ የሚለውን እይ። በመጨረሻ ደግሞ ጨዋታውን ተወውና በነጥብ መሃል የሚያደርገውን እይ። ትከሻው ይወድቃል? ወደ አባቱ ያያል? ራኬቱን ያወራዋል? ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው ነጥብ ምን እንደሚሆን እዚያ ታነበዋለህ።

ደብተር ያዝ። ስልክ አይደለም፣ ደብተር። ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ መስመር፦ ሰርቩ ገባ ወይ፣ ስንት ምት ሄደ፣ ማን ጨረሰው፣ በምን ጨረሰው። ሌላ አያስፈልግህም። ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ እንኳን አብዛኛው ነጥብ በመጀመሪያዎቹ 4 ምቶች ውስጥ ያልቃል። እኛ ግን ልምምድ ላይ ልጆቹን 20 ኳስ ወዲያና ወዲህ ስናስመታቸው እንውላለን፤ ሰርቭና ሰርቭ መቀበልን መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ደክሞት ሊሄድ ሲል 10 ደቂቃ እንሰጣቸዋለን። ደብተሩ ይሄን ያሳይሃል። እኔ የልምምድ ሰዓቴን የለወጥኩት ከደብተሩ በኋላ ነው፤ አሁን የምንጀምረው በሰርቭ ነው።

ሌላ ደብተሩ የሚያወጣው ነገር አለ። ልጁ ስንት ጊዜ በመስመሩ ትይዩ ቀጥ አድርጎ ሊመታ ሲል እንደሚስት ቁጠር። ከዚያ በሜትር አስረዳው። ሜዳው በቁመቱ 23 ሜትር ከ77 ነው። ከጥግ ወደ ጥግ አጋድሞ ሲመታ ግን ከ25 ሜትር በላይ ያገኛል። መረቡም መሃል ላይ 91 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ጫፎቹ ጋ 1 ሜትር ከ7። ማለት አጋድሞ ሲመታ ሜዳው ይረዝምለታል፣ መረቡም ዝቅ ይልለታል። «አትቸኩል» ብለህ መቶ ጊዜ ከምትጮህበት ሜትር ይዘህ መረቡን አብራችሁ ለኩ። ልጆች በእጃቸው የለኩትን አይረሱም።

ኬሂልም በዚህ በኩል ልዩ ዕድል ነበረው። ለኢኤስፒኤን የቴሌቪዥን ተንታኝ ሆኖ ሠርቷል፤ በአዲዳስ የተጫዋቾች ማሳደጊያ ፕሮግራም ውስጥም ሆኖ የተለያዩ ተጫዋቾችን አግዟል፤ ከሃሌፕ ጋር የተዋወቀውም በዚያ በኩል ነው። ተንታኝ ማለት ሌላ ሳይሆን የሚያየውን ነገር በአጭር ዐረፍተ ነገር ለማያውቅ ሰው መናገር ያለበት ሰው ነው። እኛ ቴሌቪዥን የለንም፣ ግን አጥር አለን። አዲስ አበባ ላይ ከማውቃቸው ጥሩ አሠልጣኞች ውስጥ ኳስ አቀባይ ሆነው የጀመሩ አሉ። ኳስ እየለቀሙ ዓመታት የሰውን ጨዋታ ከጎን ሆነው ሲያዩ ኖረዋል። ዓይናቸው ላይ ያስታውቃል።

አንድ ነገር ብቻ ተናገር

በነጥብና በነጥብ መሃል ተጫዋቹ ያለው 25 ሰከንድ ነው። ድሮ በወንዶቹ ውድድር አሠልጣኝ ከመቀመጫው ሆኖ ምክር መስጠት ክልክል ነበር። የወንዶቹን ውድድር የሚመራው ኤቲፒ በ2022 አጋማሽ በሙከራ ፈቀደ፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ የዓለም አቀፉ ሕግ ራሱ ተከፈተ። ቁም ነገሩ ግን አልተለወጠም። ከ25 ሰከንዱ ውስጥ ልጁ ላቡን ይጠርጋል፣ ትንፋሽ ይሰበስባል፣ ኳስ ይቀበላል። ላንተ የሚተርፍህ የአንድ ዐረፍተ ነገር ቦታ ነው።

«አተኩር!» አይባልም። አተኩሮ ነው የሚስተው። «ተረጋጋ!» ደግሞ ያልተረጋጋውን ይባስ ያስጨንቀዋል። «እዚያ አትምታ» ያልከውም እዚያ ይመታል፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ያስገባህለት እሱን ቦታ ነዋ። የሚሠራው ይሄ ነው፦ «አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሆነህ ተቀበል።» «ሁለተኛ ሰርቭህን ወደ ባክሃንዱ።» እግር ወይም እጅ ሊፈጽመው የሚችል ነገር፣ አንድ። ልምምድ ላይም ያው ነው። አምስት ስህተት ብታይ አራቱን ደብተርህ ላይ ጻፍና አፍህን ዝጋ። አራቱ የትም አይሄዱም። አንዷ ስትስተካከል ሁለቱ ራሳቸው ሲጠፉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ወረቀቱና የኳሶቹ ቀለም

የምስክር ወረቀት ግድ ነው ወይ? ይጠይቁኛል። አዎ፣ ውሰድ። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ከጀማሪ አሠልጣኝ እስከ ከፍተኛው ደረጃ የሚሄድ ሥልጠና አለው፣ በየአገሩ ፌዴሬሽን በኩል ነው የሚሰጠው፤ ጠይቅና ተመዝገብ። ጥቅሙ ወረቀቱ ላይ አይደለም። ተጫዋች ሳለህ ያልነኩህን ነገሮች ያስተምርሃል፣ በተለይ ትንንሽ ልጆችን።

ምሳሌ ልስጥህ። የ7 ዓመት ልጅ በትልቅ ሰው ሜዳ፣ በትልቅ ሰው ኳስ ማስጀመር ጭካኔ ነው። ኳሷ ነጥራ ከራሱ በላይ ታልፋለች፤ እንዴት ይምታት? ለዚህ ነው ቀይ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ ኳሶች ያሉት። ቀይዋ ከተለመደው ኳስ 75 በመቶ ትዘገያለች፣ ብርቱካናማዋ 50፣ አረንጓዴዋ 25። ሜዳውም አብሮ ያድጋል፦ ለቀይ 11 ሜትር ገደማ፣ ለብርቱካናማ 18 ሜትር ገደማ፣ ለአረንጓዴ ሙሉ ሜዳ። ከ2012 ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ውድድር እነዚህን ዘገምተኛ ኳሶች መጠቀም በሕግ የተደነገገ ነው። «እኔ በቢጫ ኳስ ነው የተማርኩት» የሚሉ የድሮ ተጫዋቾች አሉ። ተምረዋል፣ እውነት ነው። አብረዋቸው ጀምረው የተዉት ልጆች ግን ስንት ነበሩ?

አለቃህ ተማሪህ ነው

የእግር ኳስ አሠልጣኝ ተጫዋቹን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ቴኒስ ላይ ግን የሚከፍልህ ተጫዋቹ ነው፤ ሲፈልግ ዛሬ ማታ ያሰናብትሃል። በትልቁ ደረጃ የተለመደው አሠራር ሳምንታዊ ክፍያ ነው፣ የጉዞ ወጪ በተጫዋቹ፣ ሲያሸንፍ ደግሞ ከሽልማቱ ድርሻ፤ መጠኑ እንደ ስምምነቱ ነው። ልጆችን ስታሠለጥን ከፋዩ ወላጅ ነው፣ ፈተናው ግን አንድ ነው። እንጀራህ እሱ እጅ ላይ ሆኖ እውነቱን ትነግረዋለህ?

ኬሂልና ሃሌፕ እዚህ ጋ ትልቅ ትምህርት ናቸው። በ2017 ማያሚ ላይ ሃሌፕ ከጆሃና ኮንታ ጋር ስትጫወት ተስፋ ቆረጠች፣ በራሷ ላይ ተነሳች። በሴቶቹ ውድድር አሠልጣኝ ሜዳ ገብቶ ማናገር ይፈቀድ ስለነበር ኬሂል ገባ፣ ግን አልሰማ አለችው። ተሸነፈች። ከዚያ በኋላ ጥሏት ሄደ። ችሎታ ጎድሏት አልነበረም፤ ችግሩ በሜዳ ላይ የምታሳየው ጠባይ ነበር። ሥራውን ትቶ ነው የሄደው፣ ይሄን ልብ በል። እሷም ጠባይዋ ላይ ሠራች፣ ከሳምንታት በኋላ አብረው ተመለሱ፣ በዚያው ዓመት የዓለም አንደኛ ሆነች። በሚቀጥለው ዓመት፣ ሦስት የግራንድ ስላም ፍጻሜዎችን ከተሸነፈች በኋላ፣ ሮላንድ ጋሮስ (ፍሬንች ኦፕን የሚካሄድበት ሜዳ) ላይ ዋንጫውን አነሳች።

ሁሉም ሰው ጥሎ ይሂድ እያልኩ አይደለም። ግን ሥራ ስትጀምር ሦስት ነገር በቃል ሳይሆን በወረቀት ተስማማ። ስንት ሰዓት፣ ስንት ብር፣ ልምምድ ላይ የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ። እኔ ሦስተኛውን ሳልጽፍ የጀመርኩበት ቦታ ነበር። አንድ አባት በየቀኑ ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ ያሠለጥን ነበር። እኔ አንድ እላለሁ፣ እሱ ሌላ ይላል፣ ልጁ መሃል ቆሞ ሁለታችንንም ያያል። የተጎዳው ልጁ ነው።

መጠበቅ

ስፔናዊውን ሁዋን ካርሎስ ፌሬሮን ሳላነሳ አልችልም። በ2003 ፍሬንች ኦፕንን አሸነፈ፣ በዚያው ዓመት መስከረም የዓለም አንደኛ ሆነ። ከዚያ ሕመምና ጉዳት ተደራረቡበት፤ ወደዚያ ከፍታ ሳይመለስ በ2012 በቤቱ በቫሌንሲያ ተሰናበተ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሠለጠነው አንቶኒዮ ማርቲኔዝ ካስካሌስ ነበር፣ ስፔን ውስጥ ቪዬና (Villena) በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው አካዳሚም የሁለቱ የሕይወት ሥራ ነው። አሠልጣኝ ሆኖ ከአሌክሳንደር ዝቬሬቭ ጋር ሞከረ፤ ወራት ነው የቆየው፣ በ2018 መጀመሪያ ተለያዩ። ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ ባለ ስም ይፈልግ ነበር። እሱ ግን በዚያው ዓመት አንድ የ15 ዓመት ልጅ ያዘ። ካርሎስ አልካራዝ ይባላል። አራት ዓመት ፈጀ። በ2022 ልጁ ዩኤስ ኦፕንን አሸንፎ በ19 ዓመቱ በወንዶች ታሪክ ትንሹ የዓለም አንደኛ ሆነ። በ2025 መጨረሻ ላይ ተለያዩ፣ ይሄም የሙያው አካል ነው።

ሽንፈትህንም አትደብቅ። ኢቫን ሌንድል የመጀመሪያዎቹን አራት የግራንድ ስላም ፍጻሜዎች ተሸንፏል። አንዲ መሪም እንደዚሁ አራት። መሪ ሌንድልን አሠልጣኝ አድርጎ በ2012 አምስተኛውን ፍጻሜ፣ ዩኤስ ኦፕንን፣ አሸነፈ። ሌንድል ስምንት ዋንጫ ነበረው፤ መሪ የሚያስፈልገው ግን ከስምንቱ በፊት የነበሩትን አራቱን የሚያውቅ ሰው ይመስለኛል።

የመጀመሪያ ዓመትህ

ወዲያው ብቻህን አትጀምር። ልምድ ያለው አሠልጣኝ ፈልግና ረዳት ልሁን በለው፣ ክፍያው ትንሽ ቢሆንም። ቅርጫት ተሸከም፣ ኳስ በእጅህ እየወረወርክ አቀብል። በእጅ ማቀበል ቀላል ይመስላል፤ ኳሷን በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ በአንድ ዓይነት ከፍታ፣ ልጁ እግሩን እስኪያስተካክል ጠብቀህ 60 ጊዜ መወርወር ግን ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ትከሻህን ጠብቅ፤ ተጫዋች ሳለህ ትሠራው የነበረውን ማሟሟቂያ አታቋርጥ። ከተማሪዎችህ ጋር ደግሞ ለማሸነፍ አትጫወት። ከ14 ዓመት ልጅ ጋር ተጋጥሞ ክንዱን አንስቶ ሲጨፍር ያየሁት የድሮ ተጫዋች አለ፤ ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም።

ደብተሩን ግን አትተው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ገጽ ይኑረው፣ ቀን ጻፍበት። አንድ ቀን ልጁ ይሄዳል፤ ወይ ከተማ ይቀይራል፣ ወይ ካንተ የተሻለ ያገኛል። ያኔ ገጾቹን ለሚቀጥለው አሠልጣኝ ስጥ። ያቺ የ12 ዓመት ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ቤተሰቧ ሲዛወር የሷን ገጾች ቀድጄ በፖስታ አድርጌ ሰጠኋት። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ባክሃንድ፦ በሁለት እጅ፣ አይነካባት» ይላል።